የዘጋሁት ፍንጭት

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም
ሚያዝያ፣ በፋሲካው ሳምንት

ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጾሙን በሰላም ፈታሽ ወይ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ ጠቅ የሚያደርግሽ ነገር ተወሽ? ጋሼ ሠርፀስ የግፊቱን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውጣል? የሠርግ ቤት ሽር ጉድ ላይ ሆናችሁ ራሳችሁን እንዳትረሱ አደራ። እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ደህና ነኝ። ሰሞኑን ዝናብ ስለጀመረ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ብሏል። ናፍቆቱ ግን ያው ነው።

በስልክ ማውራት እየተቻለ ምን ወረቀት አስያዘሽ ትዪ ይሆናል። ድምፄን ብልክልሽ ሳሎን መሀል ከፍተሽ ለሰፈሩ ታሰሚዋለሽ። ጽሑፍ ብልክልሽ ደግሞ መነጽሬን አጣሁት ብለሽ ለዝማሬ «እስቲ አንብቢልኝ» ትያታለሽ። ይሄ ለዝማሬ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ሙኽታር በእጁ ያመጣልሻል። ሙኽታር ማለት ማላኪያ ገበያ ጨርቅ የሚያከፋፍለው ያገራችን ልጅ ነው፤ አምና ሽቶውን የላክሁልሽ በእሱ ነበር። ዕቃ ሊያመጣ ነገ ይበራል። ከአንቺ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። በሞቴ፣ መነጽርሽን ፈልጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ፤ ጥርሴ አለቀ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ነው ያለቀው። የላይኞቹ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ያለቀ ዕለት ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፣ ፀጉር አያሳልፉም ነበር። ፍንጭት የሚባል ነገር አልቀረኝም። አንቺ እንደፈለግሽው ሆኗል። መቼ ፈለግሁ ብለሽ ገና ከአሁኑ ስትቆጪ ይታየኛል፤ ቆይ፣ እሱ ላይ እንመጣለን።

መስከረም ላይ ሽማግሌዎቹ መጥተው ዝማሬን ለልጃቸው የጠየቁ ሰሞን የደወልሽልኝን አልረሳሁትም። እኔ ሆቴሉ ጓሮ ሆኜ እልልታዬን አቅልጬዋለሁ፤ ሰዉ ሁሉ ምን ነካት ብሎ ወጥቶ አየኝ። እልልታዬን ሳልጨርስ ነው ሌላውን ወሬ ያመጣሽው። የልጁ እናት ቤት ለመተዋወቅ መጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። ዝማሬ ስትመረቅ እኔ መጥቼ ሁለታችን የተነሣነውን ማለት ነው። እሷ ጋውኗን ለብሳ፣ እኔ ጎኗ ቆሜ፣ ሁለታችንም እስከ ድዳችን ስቀን። ሴትዮዋ ተጠግታ አየችና «ውይ፣ አክስቷን ቁርጥ! ፍንጭቷ ሳይቀር!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አንቺን አየች፣ ጋሼንም አየች። እናንተ ፍንጭት የላችሁም። በቤታችንም ከእኔ በቀር ማንም የለውም፤ ነፍሷን ይማረውና እናታችን ራሷ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ትለኝ ነበር። አንቺም ሻይ ልቅዳ ብለሽ ወጥ ቤት ገባሽ። ይሄን ሁሉ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ።

ቀጥለሽ ምን አልሽኝ? ለሠርጉ ባትመጪስ አልሽኝ። እንዲያው ለስለስ አድርገሽ፤ ሥራሽም አይመችሽም፣ የአውሮፕላኑም ነገር እንዲህ ነው፣ ቪዲዮውን እንልክልሻለን። ኧረ ተይኝ! የዝማሬን ሠርግ እኔ በቪዲዮ? ደሜ ፈላ። ሞኝሽን ፈልጊ አልኩሽ። ሌላም ብዙ ተባባልን፣ አሁን አልደግመውም። በመጨረሻ አለቀስሽ። ልጅቷ ትዳሯን ሳትጀምረው ሐሜት በር ላይ እንዳይጠብቃት ነው አልሽ። እነዚያ ሰዎች ዘር የሚያጠኑ ናቸው፣ አንቺ ያንን አፍሽን ይዘሽ ከጎኗ ስትቆሚ የማያይ ሰው የለም አልሽ። እኔም በንዴት «እንግዲያው ፍንጭቴን ባስዘጋውስ?» አልኩሽ። «ኧረ በማርያም፣ ምን ነካሽ!» የምትዪኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን «ይቻላል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እህት ዓለሜ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አውርተናል፣ ስቀናልም፤ ያቺ ጥያቄሽ ግን ከሆዴ አልወጣችም።

ይቻላል አሉኝ። ማላኪያ አጠገብ አንድ ክሊኒክ አለ፤ በየወሩ ከናይሮቢ የሚመላለስ ኬንያዊ የጥርስ ሐኪም ይሠራበታል። እኔ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች በሽቦ የሚታጠር ነበር የመሰለኝ። አርባን አልፌ አፌን በሽቦ አጥሬ እንግዳ ልቀበል ነው ብዬ እያፈርኩ ገባሁ። እሱ ግን ሽቦ አያስፈልግሽም አለኝ። አላይነር የሚሉት ነገር አለ፤ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ በጥርስሽ ልክ ተቀርጾ ጥርስሽ ላይ ጥልቅ ይላል። በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ትተዪና ቀጣዩን ታደርጊያለሽ። እያንዳንዱ ከፊተኛው በጥቂቱ ይለያል፣ እንደዚያ እያለ ጥርሱን ገፍቶ ገፍቶ ይወስደዋል። ስትበዪና ስታጥቢው ታወልቂዋለሽ፤ ከዚያ ውጪ ቀንም ሌሊትም አፍሽ ውስጥ ነው የሚውል የሚያድረው።

ወፈር ያለ ብዕር የምታህል ካሜራ አፌ ውስጥ አስገብቶ ጥርሴን ሁሉ አነሣውና ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየኝ። ከንፈር የለው፣ ፊት የለው፣ ጥርሴ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ከዚያ አንድ ነገር ሲነካ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ተንቀሳቀሱ። ክፍተቱ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ጠፋ። ሳላስበው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት ከወንበሩ ተነሣ።

ደግ ሰው ነው፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። የታችኞቹ ትንሽ ተጣመዋል፣ እነሱን ላስተካክልልሽ፣ የላዩን ግን ተይው ብሎ መከረኝ። በእኛም አገር፣ በእናንተም፣ እዚህም እኮ ውበት ነው፤ ክፈትልኝ ብለው የሚመጡብኝ እያሉ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትዘጊው አለኝ። የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው አልኩት። «እና?» አለኝ። እና ምን ልበለው? ለፎቶው ነው አልኩት። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ጻፈ።

እንግዲህ ከጥቅምት ጀምሮ ያን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ ኖርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ተኮላተፍኩ፣ ምራቄ አስቸገረኝ። ጥርሴ ላይ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች ለጥፎብኝ ከንፈሬን ከውስጥ ፋቁት። እሱስ ይቻላል። ያልተቻለው ሥራው ነው። የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ የሺጥላ ሆቴል ውስጥ አዳራሹን የማዝዘው እኔ ነኝ። ደንበኛው ስሜን እንኳ አያውቀውም፤ «ኡም ፈልጃ» ነው የሚለኝ፣ በዓረብኛቸው ባለፍንጭቷ ማለት ነው። ገና ከበር «ሰላም ታኪ፣ ኡም ፈልጃ!» ብለው ነው የሚገቡት። እኔ እየሳቅሁ ሄጄ ከየገበታው ጉርሻ ካልተቀበልኩ እንደተናቁ ይቆጥሩታል። አሁን ለአንዲት ጉርሻ ጓሮ ሄጄ ማውለቅ፣ መብላት፣ ጥርሴን መፋቅ፣ መልሶ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። ጾም ነኝ እያልኩ ሸሸሁ። ጾም በሌለበት ወር ሁሉ ጾምኩ። ባለቤቱ የሺጥላ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ ሰዉ ምን አስቀየምናት እያለ ነው፣ ምን ሆነሻል አለኝ። ምንም አልኩት።

የጥምቀት ሰሞን አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን «የእኔንም ጉርሻ?» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። አሳዘኑኝ። ፊቴን ዞር አድርጌ አወለቅሁት፣ በሶፍት ጠቀለልኩና ገበታው ዳር አኖርኩት። ጎረስኩ፣ ጨዋታ መጣ፣ ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ገበታው ተነሥቷል። እኔን አያድርግሽ! የቆሻሻውን በርሜል ገለበጥኩና እጄን እስከ ክርኔ ሽሮና አጥንት ውስጥ ከትቼ ስፈልግ የሺጥላ መጣ። «ወርቅሽ ነው የጠፋው?» አለኝ። ጥርሴ ነው አልኩት። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

አገኘሁት። ግን ከዚያ ሁሉ እንትን ውስጥ የወጣ ነገር እንዴት አፌ ይግባ? የእኛ ውሃ ደግሞ ከዓባይ በቦቴ ተቀድቶ የሚመጣ ነው፤ ሳናፈላ ጥርሳችንን እንኳ አንፋቅበትም። ስለዚህ እኔ ብልጧ ውሃ አፈላሁና ጡጦ እንደሚቀቀለው ቀቀልኩት። ላወጣው ስል እንደ እሳት የነካው ፌስታል ተጨማዶ ጠብቆኛል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙን በስልክ ሳገኘው ለብ ባለ ውሃ ነው ያልኩሽ ብሎ ተቆጣኝ። የፊተኛውን መልሰሽ አድርጊ፣ ሌላ እስኪሠራ ጠብቂ አለኝ። የሚሠራው ባሕር ማዶ ነው፣ በናይሮቢ አድርጎ እስኪመጣ ዐቢይ ጾም ገባ። ሠርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ነው። እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ዝማሬ ቬሏን ስትለብስ እኔ ግማሽ ፍንጭት ይዤ ልቆም ነው ብዬ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙን አልሰማሁትም። ሁለት ሳምንት ጠብቂ ሲለኝ በሳምንቱ እቀይር ነበር። ጥርስ ያለ ጊዜው ሲገፋ እንዴት እንደሚያም አትጠይቂኝ፤ ከአጥንት ነው የሚነሣው፣ ጆሮ ድረስ ይመጣል። ጾሙ በጀኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስምና አፌን የምከፍትበት ጉዳይ አልነበረኝም፣ ከዚያም በኋላ የሚላመጥ ነገር አልቻልኩም፤ በአጥሚት ነው ሁዳዴን ያለፍኩት። በጣም ሲብስብኝ፣ ከጎኗ ትቆሚያለሽ፣ ቬሏን ታስተካክይላታለሽ፣ መኪና ውስጥ ስትገባ ቀሚሷን ትይዥላታለሽ እያልኩ ራሴን አባብለው ነበር።

ሆቴሉ ውስጥ ገንዘብ ተቀባያችን ኛቻን ትባላለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ግን ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ የተማረች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ትስቅብኝ ነበር፣ «ባልሽን ደብቀሽን ነው እንዴ የምታጌጪው?» እያለች። ሕመሜን ስታይ መሳቁን ተወችው። አንድ ቀን ስለ እናቷ አጫወተችኝ። የእናቷን የታች የፊት ጥርሶች በልጅነቷ ነቅለዋቸዋል፤ የወገናቸው ወግ ነው። ኛቻን ስደት ላይ ስላደገች አልተነቀለችም። ከነጻነት በኋላ አገሯ ስትገባ አያቷ ልትስማት ተጠግታ ሙሉ ጥርሷን አየችና «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። «ሹፊ እህቴ» አለችኝ፣ እዪ ማለቷ ነው፣ «አሥር ዓመት ተምሬ ያን ቀን ጥርሴ አሳፈረኝ። አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ ማንን ለማስረሳት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

ያለቀ ቀን ሐኪሙ ጉብታዎቹን ፋቀልኝና መስታወት ሰጠኝ። ማንን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? አንቺን። እግዜር ያሳይሽ! አፌ ሲገጥም ለካ ቁርጥ አንቺን ነው የምመስለው። ሳቅሁ፣ አንቺ ሳቅሽ። ከዚያ ለመጠበቂያ ብሎ ሌላ ፕላስቲክ ሰጠኝ። ጥርስ ወደነበረበት መመለስ ይፈልጋል፣ ፍንጭት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ይሄን ለጥቂት ወራት ቀንም ማታም፣ ከዚያ ዕድሜ ልክሽን ማታ ማታ ታደርጊዋለሽ፣ ከተውሽው ይከፈታል አለኝ። እሺ አልኩት። ሆቴል ስገባ አንዱ ደንበኛ ቀና ብሎ አየኝና «ወይን ፈልጃ?» ብሎ ጮኸ፣ ፍንጭቱ የት ሄደ ማለቱ ነው። «ከላስ»፣ አለቀ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ኡም ፈልጃ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ወረቀት ያስያዘኝን ነገር ልንገርሽ።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝማሬ በምስል ደወለችልኝ። አንቺ ወጥ ቤት ነበርሽ፤ ድስቱን ማን ከፈተው እያልሽ ስትቆጪ ድምፅሽ ይሰማኛል። እሷ በረንዳ ላይ ነበረች። ስንት ወር ሙሉ ኔትወርክ የለም እያልኩ ፊቴን ሳላሳያት ሸንግያታለሁ፣ አንድ ቀን ላስደንቃት ብዬ። ያን ቀን ካሜራውን ከፈትኩና ሳቅሁላት። እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ ጀምራ አፏ ላይ ቀረ። «ጥርስሽ?» አለች። አስዘጋሁት፣ ለሠርግሽ ላምርልሽ ብዬ፣ አያምርም ወይ አልኳት። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ አየችኝ። ማን አዘጋሽ ብላ ጠየቀችኝ። ራሴ ነኝ አልኳት። «እማዬ ታውቃለች?» አለችኝ። አታውቅም ብዬ ዋሸሁልሽ። ይሄን እወቂልኝ።

እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ምን ሆንሽ የእኔ እናት ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ነገ ሴት ልጅ ወልጄ ፍንጭት ይዛ ብትመጣ፣ ማንን መሰለች ሲሉኝ ማንን ላሳያቸው ነው አለችኝ። እህት ዓለሜ፣ እኔ ምንም አልነገርኳትም፤ በእሷው ሞት! አንቺም፣ ጋሼም እንዳልነገራችኋት አውቃለሁ። ማንም አልነገራትም። ልጅቷ ግን መስታወት አላት።

ራስሽን ታሳያቸዋለሽ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ እንጂ ምንሽ ነኝ ብዬ ልስቅ ሞከርኩ። «እሺ፣ አክስቴ» አለችኝ። ስንት ዓመት አክስቴ ብላኛለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ቃሉን ረጋ ብላ ጠርታው አታውቅም። ከዚያ አንቺ ጠራሻት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «አቤት እማዬ!» ብላ ሮጠች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ ወንበር ላይ ጥላው ነው የሄደችው። እኔም የበረንዳችሁን ጣሪያ እያየሁ፣ እናንተ ወጥ ቤት ስትሳሳቁ እየሰማሁ ቆየሁ።

ለሠርጉ አልመጣም። ይሄን ስታነቢ እፎይ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ በይ እፎይ በይ፣ አልቀየምሽም። ቲኬቴን ሙኽታር ነው የመለሰልኝ። በተዘጋው ጥርስ ብመጣ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አፌን ነው የምታየው፤ ለምን እንደዘጋሁት ገብቷታልና ሠርጓ ላይ ለቅሶ እሆንባታለሁ። ክፍት ሆኖ እንዳልመጣ ደግሞ አንቺ አለሽ። አንቺን መበደል አልችልም። ኩፍኝ ሲይዛት ያደርሽው፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩ የሄድሽው፣ ፀጉሯን ስትሠሪ ጣትሽ የደነዘዘው አንቺ ነሽ። የእናት ወንበሩ ያንቺ ነው። ማንም አይነሣሽም፣ እኔም ላስነሣሽ አስቤ አላውቅም። ከጎኗ ልቁም ብቻ ነበር ያልኩት። እሱም ሳይሆን ቀረ።

የልጁ እናት አክስቲቱ የት ቀረች ብላ ከጠየቀችሽ ጥርሷን አሟት ቀረች በያት። ውሸት አይሆንብሽም።

ያን መጠበቂያ ከፋሲካ ጀምሮ አፌ አላስገባሁትም። ዛሬ ጠዋት በሁለቱ መሀል ክር ሞከርኩ፣ አለፈ። ሐኪሙ በሚመጣው ወር ሲያየኝ ይጮህብኛል፤ ይጩህ። ከፀጉር ከክር ጀምሮ እየሰፋ ወደ ቦታው ይመለሳል ብሏል፣ እኔም እጠብቀዋለሁ። ልጅቷ የምታሳየው ሰው ስታጣ ዝም ብዬ አላይም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዝማሬን ማንም ሰው፣ አማቷም ብትሆን፣ አንቺም ብትሆኚ፣ ጥርስሽን እንዲህ ብታደርጊው እንዳይላት። ፎቶ ሲያነሷት አፏን በእጇ እንዳትሸፍን ንገሪያት። ሙሽራ አይስቅም የሚሉትን አትስሚ፣ ትሳቅ።

ስትወልድ ግን እመጣለሁ። ያኔ ልምጣ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ አንቺም ቅሪ፣ አትምጪ አትዪኝም። ገንፎዋን እኔ ነኝ የማገነፋው። የዝማሬ ጊዜ አንቺ አገንፍተሽ፣ ቅቤውን መሀሉ ላይ አፍስሰሽ፣ ብዪ እንጂ እያልሽ በእጅሽ አጎረስሽኝ። እግዜር ይስጥሽ፣ ጣሙ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ። ቀጣዩን ለእኔ ተዪልኝ።

ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ሐብል የእሷ ነው፤ ከማን ነው ካለች ከአክስትሽ በያት። ትዳሯን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላት። ቤቷን በረከት ይሙላው፣ ሲከፋት የሚያባብላት አይጣ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ፣ የልጅ ልጅ ለመታቀፍ ያብቃሽ። ለጋሼ ሠርፀ ሰላምታዬን በይልኝ። ደህና ሁኑልኝ።

ሁሌም የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ፣
የሙሽራዋ አክስት